«ጓሳ ተከፈተ» ያልኩ ሰሞን

ሞኝነቴን ራሴ ባወራው ይሻላል። እኔ ዝም ብል ሌላው ማውራቱ አይቀርም፤ የሚያወራው ሰው ደግሞ ከራሱ ትንሽ ሳይጨምርበት አያድርም። እስካሁን የሰማኋቸው ጭማሪዎች ሁሉ የሚያስቁብኝ እንጂ የሚያስከብሩኝ ሆነው አላገኘኋቸውም። ስለዚህ ዋናውን ከባለቤቱ አፍ ስሙት።

በዚያን ዘመን፣ «አንድ ለአምስት ተደራጁ» በሚባልበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ቀበሌ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ በግ መክተብ፣ ላም ማዋለድ፣ ከሁሉም በላይ ግን ወሬ ማስተባበል ነበር። ክትባት በመጣ ቁጥር «መርፌው በግ ያመክናል» የሚል ወሬ ከመርፌው ቀድሞ ይደርሳል። እኔም በየስብሰባው ብድግ እልና ጣቴን እያወዛወዝኩ «ማን አለ? የት አለ? ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። ይህቺን የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄን ወፈር አደርጋት ስለነበር፣ የቀበሌው ሰው በሌለሁበት «ማስረጃው» ይለኝ ነበር። ስሙን ስሰማ የተናደድኩ እመስላለሁ እንጂ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

በቀበሌው ኢንተርኔት የሚያሳይ ስልክ የነበረኝም እኔ ብቻ ነኝ። ኔትወርኩ የሚገኘው ከክሊኒካችን ጀርባ ካለችው ጉብታ ጫፍ፣ አንዲት ድንጋይ ላይ በአንድ እግር ሲቆሙ ነው። በሁለት እግራቸው ቆመው ያገኙ አሉ ይባላል፤ እኔ ግን አልገጠመኝም። አንድ ቀን ያ ስልክ «ነገ ዝናብ ይጥላል» አለ። ለጎረቤቴ ለጋሽ እሸቴ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አውድማ ላይ የነበረ ገብሳቸውን ሰብስበው አስገቡ፤ በማግሥቱ ዶፉ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስልኬ እንደ ባሕታዊ ተፈራ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስንት ጊዜ ዝናብ ብሎ ፀሐይ እንደወጣ የቆጠረ ሰው የለም። እኔም አልቆጠርኩም፤ ስልኩ ሲከበር ባለቤቱም አብሮ ስለሚከበር ለመቁጠር አልቸኮልኩም።

አሁን ወደ እትዬ ማሚቴ ልውሰዳችሁ። እትዬ ማሚቴ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። እናቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስላረፈች ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ በልጅነቴ የገረፉኝም እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩባት የድንጋይ ቤት ክዳኗ ሣር ነው፤ እሱም አርጅቶ ከላይ አረም በቅሎበታል። ክረምት ሲገባ ቤት ያፈራው ድስትና ገበቴ ሁሉ ወለሉ ላይ ይደረደርና ጠብታ ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ የሚነግሩት በድስቶቹ መሐል እየመሩ ነው።

«እትዬ፣ ቆርቆሮ ላልብስልዎ» ብላቸው እሺ አላሉም።

«ቆርቆሮ ብርድ ይስባል» አሉኝ። «ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጸሎቴን እኔ ራሴ አልሰማውም። እኔ ያልሰማሁትን እግዜር እንዴት ብሎ ይስማው?»

ስለዚህ በአፌ ሙሉ «ዘንድሮ በአዲስ ሣር ነው የማስከድንዎት» ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል ስገባ ጥሩ ነኝ።

ሣሩ ግን እንዲሁ የሚገኝ አይደለም። እኛ አገር ቤት የሚከደነው በጓሳ ሣር ነው፤ እሱም የሚታጨደው ጓሳ አምባ ላይ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ሕግ አለው። ለዓመታት ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ማጭድ ይዞ መግባት ቀርቶ ማጭድ እያሰቡ በአጠገቡ ማለፍም አይመከርም። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሎች ይመክራሉ፤ ከዚያ በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ፣ በየገበያውም «ጓሳ ተከፍቷል» ይባላል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ አህያውንና ገመዱን ይዞ ይወጣል። እኛ ጋ «ተከፈተ» ሲባል በር ወይም ሱቅ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ፋሲካ አልፎ ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ድንጋዬ ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ስልኬን ሳይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦ «ታላቅ የምሥራች ለመንዝ ልጆች በሙሉ!! በጉጉት ስትጠብቁት የነበረው ጓሳ ተከፈተ!! የፊታችን ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ! ቀድሞ የመጣ ምርጥ ምርጡን ያስቆርጣል…» ከዚያ ወዲያ ያለው ተደብቆ «ተጨማሪ ይመልከቱ» ይላል። ተጨማሪውን ብነካው ክብ ነገር ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። ከሥሩ ያለው ፎቶም ከላይ ግማሹ ብቻ ወርዶ ቀጥ አለ። በወረደው ግማሽ ላይ ነጭ የለበሱ ሰው ይታያሉ፤ ራሳቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ወደ ላይ ባነሡት እጃቸው የሚያብለጨልጭ ስለት ይዘዋል። የለበሱት ጋቢ ነው፣ ራሳቸው ላይ ያለው ጥምጥም ነው፣ ስለቱ ማጭድ ነው፣ ሰውየው የጓሳ ሽማግሌ ናቸው ብዬ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ወሰንኩ። ለእትዬ ማሚቴ ሣር እየፈለግኩ ባልሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይታየኝ ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። ሣሩን እንጂ ገደሉን አያይም እየተባለ የሚታማው በሬ እኮ ሕመምተኛዬ ነው፤ ስንቱን ከገደል አውጥቼ አክሜያለሁ።

ከጉብታዋ ስወርድ ጋሽ እሸቴን አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎት» አልኩ። «ጓሳ ተከፍቷል። ቅዳሜ ነው።»

«የት ሰማህ?»

ስልኬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ጋሽ እሸቴ ማንበብ አይችሉም፤ ስልኩን ግን አዩት፤ ገብሳቸውን ያተረፈው ስልክ ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጋሽ እሸቴ የአንድ ለአምስት መሪ ናቸው። ያ አደረጃጀት ማዳበሪያ ውሰዱ፣ እርከን ሥሩ ለማለት ሲፈለግ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ ይፈጅ ነበር። የጓሳን ወሬ ግን አንዱ ለአምስት፣ አምስቱ ለሃያ አምስት እያለ ማታ ሳይመሽ አዳረሰው። አደረጃጀቱ ሥራውን ሠርቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ግን ዝም ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ማስረጃው ነኝ። «ማጣራት አለብኝ» አልኩ። ረቡዕ ዕለት ወፍጮ ቤት ሄጄ ባለወፍጮውን «ስለ ጓሳ የሰማኸው ነገር አለ?» አልኩት። «እንዴታ!» አለኝ፤ «ለአንድ አባወራ ሃያ ሸክም ተፈቅዷል።» ደነገጥኩ። ሃያ ሸክም የሚል ነገር እኔ አላነበብኩም። እንግዲህ ይህ ሰው ከሌላ ምንጭ ሰምቷል ማለት ነው፤ ምንጩም ከእኔ ይበልጥ ያውቃል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት ደግሞ «ሃያ አምስት ነው፤ ለባልቴት ሠላሳ» አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። አክስቴ ባልቴት ናቸው።

ሐሙስ የደብራችንን ቄስ፣ ቄስ ጥላሁንን አገኘኋቸው። እጃቸውን ስሜ ጠየቅኋቸው።

«እኔም ከሦስት ሰው ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ግን ከሽማግሎቹ ምንም አልተላከልንም። እስቲ ያንተ ስልክ የሚለውን አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። «ያስቆርጣል» የምትለዋ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሣር ይታጨዳል እንጂ ይቆረጣል እንዴ?»

«የከተማ ልጅ ስለጻፈው ነዋ፣ አባ! ማጨድ የሚለውን አያውቀውም።»

«ለቤተ ክርስቲያን ያልተነገረውስ?»

«ዘመኑ ተለውጧል፣ አባ። አሁን በስልክ ነው የሚነገረው።»

ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ሲኖረኝ እውነቱ እኔ ጋ ያለ መሰለኝ። ቄስ ጥላሁንም አገጫቸውን አሻሽተው «እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ» አሉና ሄዱ። እኔም ሦስት ምስክር የቆጠሩትን ቄስ አራተኛ ምስክር አድርጌ ቆጥሬያቸው ተመለስኩ። ከአራቱ አራቱም የሰሙት ከእኔ መሆኑን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ማሚቴ ቤት ስደርስ ጎረቤቱ ለደቦ ተሰብስቧል። ጋሽ እሸቴ መሰላል አስደግፈዋል። ቅዳሜ ሣሩ ሲመጣ ወዲያው እንዲከደን አሮጌው ክዳን ዛሬ መገፈፍ አለበት ተብሏል። እትዬ ማሚቴ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆመዋል።

«እንግዲህ ይገፈፍ?» አሉኝ።

ሰማዩን አየሁ፤ ጠርቷል። የቄስ ጥላሁን ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ግን አምስት ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ሰው መሰላል ይዞ፣ አገሩ ሁሉ እኔን እያየ «ቆይ እስቲ» የሚል አፍ ከየት ይምጣ?

«ይገፈፍ!» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

ተገፈፈ። የበሰበሰውም ሣር ያንኑ ዕለት ለከብት መኝታ እየተባለ ተከፋፈለ። ማታ ቤቷ ማገሯና ወራጇ ብቻ ቀርቶ ከውስጥ ሆነን ኮከብ አየን። እትዬ ማሚቴ «የዛሬን እንዲህ ልደር፤ ነገ አዲስ ቤት ነው» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሰው ስንት እንደነበረ አልቆጠርኩም፤ አህዮቹ ብቻ መንገዱን ሞልተውት ነበር። ማጭዱ የተሳለ፣ ገመዱ የተገመደ፣ ስንቁ የተቋጠረ። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ወሬውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከፊት መሄድ ያለብኝ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጀነንም ብዬ ነበር። ጓሳ አፋፍ ላይ ስንደርስ የጓሳ ጥበቃ ሽማግሌው ጋሽ በየነ ከሁለት ሰዎች ጋር ካፖርታቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው መንገዱ መሐል ቆመዋል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ። «ሠርግ ነው እንዳልል አህያ አይጠራም። ልቅሶ ነው እንዳልል ማጭድ አይያዝም።»

«ጓሳ ተከፍቷል ተብለን ነው» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«ማን ከፈተው? ሳልሰማ እንዴት ተከፈተ? ጓሳ ዝግ ነው ጎበዝ። ዘንድሮም አይከፈትም፤ ሣሩ አልደረሰም።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። «አላልኳችሁም? ለራሳቸው ሊያጭዱት ነው» አለ አንዱ። ጋሽ በየነ ማሉ። ሲምሉ ባሰ፤ «እውነት ቢሆን ምን አስማላቸው?» ተባለ። ባይምሉ ደግሞ «እውነት ቢሆን ይምሉ ነበር» መባሉ አይቀርም ነበር። እኔም ተናደድኩ፤ አዎ፣ ያን ሁሉ ዓመት ወሬ ሳስተባብል የኖርኩት ሰውዬ ጋሽ በየነ ፊት ቆሜ «ማስረጃዎት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ሰውየው ገርሟቸው አዩኝ። «ጓሳ ዝግ ለመሆኑ ነው ማስረጃ የምትጠይቀኝ? ያንተስ የታለ?»

ስልኬን አወጣሁ። ጓሳ ከፍታ ነው፤ ኔትወርኩ በሁለት እግር ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብለውም የሚያገኙት ሆነ። ክቡ ነገር አንዴ ዞረና ፎቶው ቁልጭ ብሎ ወረደ። ጥምጥሙ የሥጋ ቆራጭ ቆብ ነበር። ጋቢው የሥራ ካፖርት ነበር። ማጭዱ ቢላዋ ነበር። ከሰውየው በስተጀርባም አንድ ሙሉ የበሬ ሽንጥ ተንጠልጥሏል።

ስልኩን ኪሴ ልከተው ስል ጋሽ በየነ እጄን ያዙኝ። «አንብብ እንጂ» አሉ። ያ ሁሉ ሰው ማጭዱን ይዞ ከበበኝ። አነበብኩ፦ «ጓሳ ሥጋ ቤት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ቁርጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዱለት። የመኪና ማቆሚያ አለን።»

ከዚያ ቄስ ጥላሁን ከሰዉ መሐል «እኔስ ሣር አይቆረጥም ብዬ ነበር» አሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ጋሽ በየነ ሳይቀሩ በትራቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ያልሳቁት ጋሽ እሸቴ ብቻ ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሥጋ ቤት አስመስለው የጻፉት እኮ እንዳይነቃባቸው ነው» አሉኝ።

እኔም አልሳቅኩም። ከሰዉ ራስ በላይ፣ ወደ መጣንበት አቅጣጫ ስመለከት ሰማዩ ጠቁሯል።

መንገዱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እየሮጥኩ ሳለ ዝናቡ ያዘኝ፤ ከዝናቡ ጋር በረዶ ነበረበት። ቤት ስደርስ እትዬ ማሚቴ ከግድግዳው ጥግ በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ያላቸውን አንድ ባና፣ ያን ወፍራሙን የሱፍ ልብሳቸውን፣ የገብሱ ጎታ ላይ አልብሰውታል። የአጎዛቸውን ግማሽ ዱቄቱ ላይ፣ ግማሹን ምድጃው ላይ ጥለዋል። ራሳቸው ነጠላ ብቻ ናቸው፤ ውኃው ከፀጉራቸው ይወርዳል። ቀና ብለው አዩኝና ከኋላዬ አህያ ፈለጉ።

«ሣሩስ?» አሉ።

«ጓሳ አልተከፈተም፣ እትዬ።»

ከአጠገባቸው ያለውን ዕቃ ማንሣት ጀመሩ፤ ያን ዕለት ቢሰድቡኝ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። ጎረቤቱ እየሮጠ መጥቶ ዱቄቱንም ገብሱንም ወደየቤቱ አጋዘው። እሳቸውን ወደ እኔ የኪራይ ክፍል ወሰድኳቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ አደሩ። ክረምቱ ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው፤ ቤታቸው ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያ ያሳጣቸውም እኔ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ደጀ ሰላሙ ላይ ለሽማግሎች ቀረበ። የጓሳ ሕግ አንዲት ቀዳዳ አለችው፦ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ ጓሳ ዝግ ቢሆንም፣ ለክዳን የሚሆነው ሣር ይፈቀድለታል። ጋሽ በየነ ይህን ያውቃሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ እትዬ ማሚቴን ሲያዩ ዓይናቸው ይሸሻል።

«እትዬ ማሚቴ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንዲያው ዓርብ ለቅዳሜ ቤትዎ ውስጥ እሳት ነገር አልነበረም?»

«ምድጃዬ ላይ ነበረ። እሱንም ዝናቡ አጠፋው።»

«ማለቴ… ትንሽ ያዝ ያደረገው ነገር፣ ጭስ እንኳ…»

«በየነ» አሉ እትዬ ማሚቴ እየሳሉ፣ «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ቤቴን በአፌ አላቃጥልም። ለእኔ ብለህ ሕጉንም አታቃጥል።»

እኔ ተነሣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ነበር የተነሣሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን «ኢንተርኔቱ አሳሳተን» የሚል ነው። ቄስ ጥላሁን ቀና አሉ።

«እኔኮ ሐሙስ ዕለት ካንተ እንደተለየሁ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉ። «"እትዬ ማሚቴ፣ ይህ ነገር ይቆይ፤ ሣር አይቆረጥም" ብያቸው ነበር።»

«ምን አሉዎት?» አሉ ጋሽ በየነ።

«"ልጄ ካለ ይቆረጣል" አሉኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ተቀመጥኩ፤ ኢንተርኔቱንም ከዚያ በኋላ ከሰስኩት ብዬ አላስታውስም።

ሽማግሎቹ ተማክረው ፈረዱ። ጓሳ ዝግ ነው፤ ለማንም አይከፈትም። እኔ ግን ያ ወሬ የደረሰበትን ቤት ሁሉ በእግሬ እዞራለሁ፤ በየበሩ ቆሜ «ጓሳ ተከፈተ ያልኩት ውሸት ነው» ብዬ በገዛ አፌ ቃሌን እመልሳለሁ። ቃሌን የመለስኩለት ሰው ለክዳኑ መጠገኛ ካስቀመጠው ሣር ቢወድ አንድ እቅፍ ይሰጠኛል፤ ባይወድ አይገደድም። «ወሬውን እንዳዳረስከው ሣሩን ሰብስበው» አሉ ጋሽ በየነ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲያው ለማስፈራራት ይመስለኝ ነበር። ወሬው ከምሳ እስከ እራት ባለው ጊዜ የተዳረሰውን ቀበሌ እኔ በዘጠኝ ቀን ነው የጨረስኩት። በመጀመሪያዋ ቤት አንዲት ምራቃቸውን የዋጡ ሴት ቃሌን ሰምተው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። ቀበሌው ነው አይደል እንዲህ በል ያለህ?»

«ኧረ አይደለም እናቴ፣ ሽማግሎቹ ናቸው።»

«አየህ! ያዘዘህ ሰው እንዳለማ አውቄዋለሁ» አሉና አዝነውልኝ በአንድ እቅፍ ፋንታ ሁለት ሰጡኝ።

ሌላው ቤት «ስንት ሰጥተው ነው ያስካዱህ?» ተባልኩ። ወፍጮ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ሌላ መልክ ይዟል፤ «ጓሳን ሥጋ ቤት ሊያደርጉት ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ ባለወፍጮው። አይደለም ስለው ዓይኑን ጠቀሰኝ። ጋሽ እሸቴማ ቃሌን እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጡና «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ማለት ያለብህ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ጓሳ ያን ቅዳሜ ተከፍቶ ነበር ብለው ያምናሉ፤ እኛ በሩን ሳናገኘው ቀርተን ነው። ልጣላቸው አልቻልኩም። ማጭዳቸውን ሲስሉ ያደሩት ለእትዬ ማሚቴ ቤት ነበር እንጂ ለራሳቸው አልነበረም፤ የእሳቸው ቤት ቆርቆሮ ነው።

ያም ሆኖ ሣር ያልሰጠኝ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ያመነኝም፣ ያላመነኝም፣ ያሾፈብኝም ሰጠኝ። ቢጫ፣ ግራጫ፣ በጭስ የጠቆረ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ደቦው እየተመላለሰ ከደነው። ቤቷ የተለያየ ጨርቅ የተጣፈበት ዳውላ መስላ፣ ግን ዝናብ የማታስገባ ቤት ሆነች። በዘጠነኛው ቀን የቀረችው ከጫፉ ላይ፣ ጉልላቱ ሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ለሷ የምትሆነዋ እቅፍ ትከሻዬ ላይ ነበረች።

የቀረኝም አንድ ቤት ብቻ ነበር። ሽማግሎቹ ወሬው የደረሰበት ቤት ሁሉ ነው ያሉት፤ ይህ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ደርሶበታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየዞርኩ ስሸሸው ቆየሁ። እትዬ ማሚቴ በር ላይ ተቀምጠው ለክዳኑ ማሠሪያ ገመድ ይገምዳሉ፤ ሳሉ ለቋቸዋል። እቅፏን መሬት አስቀመጥኩና እንደየበሩ ሁሉ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጓሳ ተከፈተ ብዬ የነገርኩዎት ውሸት ነበር። አንብቤ ሳልጨርስ ነው የነገርኩዎት።»

ከዚያ ጠበቅኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ለምጄዋለሁ፤ ማን በል አለህ፣ ስንት ሰጡህ፣ ገብቶኛል፣ ጥቅሻ። እትዬ ማሚቴ ከገመዳቸው ቀና አሉ።

«እሺ» አሉ።

«እሺ ብቻ?»

«ውሸት ነው አልክ አይደል? አንተ ካልክ ውሸት ነው። ሌላ ማንን ሄጄ ልጠይቅ?» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ ሁሉ ቤት ማስተባበያዬን የተቀበሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያመኑኝም ወሬውን ባመኑበት በዚያው ምክንያት ነው። ስቄ ላልፈው ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ደግሞ፣ ነገም የምላቸውን ሁሉ ያምናሉ ብዬ ፈራሁ። እንባዬ እንዳይታይብኝ ጎንበስ ብዬ ሣሩን ተሸከምኩና መሰላሉን ወጣሁ፤ እሳቸውም ከታች ሆነው ገመዱን አቀበሉኝ።